ሃያ ላይ ዝም አሉ

አጎቴ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ የኖሩት፣ ሰው የሌለባት መንኮራኩር ራሷን እየመራች ጨረቃ ላይ እንዴት እንደምትወርድ ነበር። ከኮንጋ ቁልቁለት በሞተር ሳወርዳቸው ግን እኔን አያምኑኝም። ከኋላዬ ሆነው እስከ አስፋልቱ የቀረንን ሜትር እየገመቱ ይጮሃሉ፦ «መቶ! ሰማንያ! ቀስ በል!» ጨለለቅቱ ከተማ ድረስ ይሰማ ነበር ብል ማንም አይከሰኝም።

«ጋሼ፣ ጨረቃ ላይ ነው እንዴ የምንወርደው?»

«አንተ ቀልማዳ፣ ጨረቃ ላይ መቼ ጭቃ አለ!»

አንድ ቀን፣ «መንኮራኩሯ እየወረደች ድምጿ ቢጠፋስ?» አልኳቸው።

«ከዚህ ሆነህ ምንም አታደርግላትም። ትትረፍ ትሰበር አታውቅም፤ መጠበቅ ብቻ ነው።»

ባለፈው ክረምት ደረታቸውን ሲያማቸው፣ ጎረቤቶች በጋቢ ከወገቤ ጋር አስረውልኝ ወደ ሐኪም ይዣቸው ወረድኩ። ትንፋሽ አጥሯቸውም መቁጠሩን አልተዉም። «አርባ... ሃያ...» ብለው ዝም አሉ።

«ምነው ጋሼ፣ ዛሬስ አመኑኝ?» አልኩና እየሳቅኩ ወረድኩ። አስፋልቱ ላይ ስቆም ግንባራቸው ጀርባዬ ላይ ነበር። አልተነሳም።

አሁን ሃያ ያሉባት ቦታ ስደርስ ሞተሩን አጠፋለሁ። ከኋላዬ ማንም የለም። ከሃያ ቀጥሎ የሚሉት አስር ነበር፤ እጠብቃለሁ።