የተዘለለችው መስመር

ፍርድ ቤቱ ውስጥ እንደ ጸሐፊዋ ሌባ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሌባውን ግን አይታው አታውቅም፤ ወረቀቱን እንጂ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሁሉም “ፕሮፌሰሩ” የሚሏቸውን የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያ የእጅ ጽሑፍ ስትተይብ ኖራለች። ዳኛው ቅጣት ከመወሰናቸው በፊት እኚህ ሰው የጥፋተኛውን ቤትና ሰፈር ዞረው ይጠይቁና “ለምን አጠፋ?” ለሚለው መልስ ይጽፋሉ። አንዱን ድህነት፣ አንዱን ጓደኛ፣ ሌላውን ደግሞ “አንተ ሌባ” እያለ ያሳደገው ሰፈር አበላሸው ይላሉ። ነገሩ ሁሉ ስለሚመሳሰል “ጋሼ፣ እርስዎ ዕረፍት ቢወጡ እኔው ጽፌ እፈርምልዎታለሁ” እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ጣቷ ቁልፉ ላይ ደረቀ። የመጣላት ወረቀት የታናሽ ወንድሟ ነበር።

ወንድሟ የጉልበት ሠራተኛ ሆኖ ከሚጭንበት መጋዘን ሁለት ጥቅል የመዳብ ሽቦ ሲያወጣ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። እሷ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትንፍሽ አላለችም። በእናት እንጂ በአባት ስለማይገናኙ ስሙም አላጋለጣትም፤ እናቷም ለፕሮፌሰሩ “የመንግሥት ሠራተኛ ናት” ብላ አልፋለች። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ “ታላቅ እህቱ በዚያችው አንድ ክፍል ቤት፣ በዚያችው እናት እጅ አድጋ የመንግሥት ሥራ ይዛለች። ስለዚህ ድህነትም አስተዳደግም ምክንያት ሊሆነው አይችልም።”

ጉድ በሉ! እሷው በወንድሟ ላይ ማስረጃ ሆና ቁጭ። ይህች መስመር ካለች ሦስት ዓመት እስር ነው፤ ከሌለች ግን ዳኛው ሊራሩለት ይችላሉ።

ዘለለቻት። ማን ያያል? ፕሮፌሰሩ እንደሆኑ እሷን ስለሚያምኑ ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት። አትማው ስትነሣ ግን መልሳ አነበበችው። ስንቱን ሰው “ምን ሆኖ ነው የሰረቀው?” እያለች ስትተይብ ኖራ፣ እሷን ለማበላሸት አንድ ጠዋት በቃ። ገጹን ብጭቅጭቅ አድርጋ ቀደደችው።

ቢሯቸው ገብታ በሩን ዘጋች። “ጋሼ፣ ይህች እህት እኔ ነኝ።”

“ምን ነካሽ ልጄ! ምነው ሳትነግሪኝ?”

“አፍሬበት ነዋ። አሁን ደግሞ በራሴ አፈርኩ።” እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። “እናታችን ሁለታችንንም ማስተማር ያቃታት ዓመት መጣ። እሱ ሰባተኛ ክፍል ነበር። ‘እኔ እንደሆነ ትምህርት አልወድም፣ ደብተር ሳይ ያዞረኛል’ ብሎ ሸክም ገባ። እዚያ የገጠመውን ጓደኛ እርስዎ ያውቁታል። ቤቱስ አንድ ነው ጋሼ። የተማርነው ግን አንዳችን ነን።”

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። “እኔ እኮ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ብዬ አለፍኩት” አሉ። መስመሯን ሰርዘው እንደ አዲስ ጻፉ፤ እሷም ተየበችው።

ሐሙስ ችሎት ተሰየመ። እናት ከኋላ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ዳኛው ወረቀቱን እያነበቡ “እህቱ እንድትማር ሲል ትምህርቱን አቋርጦ” ከሚለው ሲደርሱ ወንድሟ እጁን አወጣ።

“ክቡር ዳኛ፣ ይሄ ውሸት ነው። እኔ ትምህርት ስለማልወድ ነው የተውኩት። ደብተር ሳይ ያዞረኛል። እህቴን በዚህ ነገር ውስጥ አያስገቧት።”

አይ ሞኝ! የሚያድነውን ነገር በገዛ አፉ ያፈርሰዋል። ጸሐፊዋ ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ያኔም ቃል በቃል እንዲህ ብሏት ነበር፣ እሷም ማመኑ ስለተመቻት አመነችው።

ሳይፈቀድላት ተነሣች። “ይዋሻል ክቡር ዳኛ! እኔ እስክወጣ ጠብቆ የኔን ደብተር እየሰረቀ ያነብ ነበር። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።”

የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ወንድሟ አንገቱን ደፋ።

ዳኛው ስምንት ወር ፈረዱበት። ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ በአጠገቧ አለፈና ጎንበስ አለ። “እታለም፣ ለምን ተናገርሽ?” አላት። “አሁን ከሥራሽ ቢያባርሩሽስ?”