ሚስማሩና የጥርስ ሐኪሙ

ሰፈሩ «ሚስማሩ» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሶፋ ሲሠራ ሚስማር የሚይዘው በአፉ ነው። አሥር አሥራ አምስት ያህል ግራ ጉንጩ ውስጥ ይወትፍና በምላሱ አንድ በአንድ እየገፋ ያወጣል። አባቱም የሚሠሩት እንዲሁ ነበር።

ሚስቱ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ክሊኒኩ አምና አዲስ ሐኪም ቀጠረ። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ ወሬው ሁሉ ዶክተሩ ሆነ። ዶክተሩ አንዲት አሮጊት አስቆ ገደላት። ዶክተሩ ምሳውን ከጽዳቶቹ ጋር ነው የሚበላው። አንድ ቀን ባልየው ቆጠረ፤ ዶክተሩን ሰባት ጊዜ ጠራች።

«ሰውየው ሚስት የለውም?» አላት።

«አለችው። ምነው?»

«ምንም። ጠየቅኩ እንጂ።»

የተሸረፈ የፊት ጥርሷን ሐኪሙ ካበጀላት በኋላ ነገሩ ባሰ። ድሮ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከልል ነበር። አሁን እጇ አይነሳም። ሃያ ዓመት አብሯት ኖሮ ያላየውን ሳቅ ሌላ ሰው አወጣው። ሥራ ላይ የመዶሻው ምት ጠነከረ።

ቁስሉን ያየችው እሷ ናት። ሲያዛጋ ግራ የምላሱ ጎን ላይ ቀላ ያለ፣ ዳር ዳሩ የነጣ ነገር ታያት።

«ምንድነው እሱ?»

«ሚስማር ወግቶኝ ነው።»

«መቼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሁሌም ይወጋኛል።»

«ያምሃል?»

«ኧረ አያመኝም።»

«ባያምም፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል መታየት አለበት ይላል ዶክተሩ።»

«ለሱማ አፌን አልከፍትም» አለና ከገበታው ተነሳ።

እልህ ያዘው። ቁስሉ እንዲድን ሚስማሩን ወደ ቀኝ ጉንጩ አዛወረ። ምላሱ አልለመደችም፤ ሁለቴ ሊውጥ ነበር። አብሮት የሚሠራው አናጢ «ምነው፣ አፉ የሰው ነው እንዴ እንዲህ የምትደናበረው?» እያለ ቀለደበት። አልሳቀም። ወር አለፈ። ቁስሉ እዚያው ነው።

ክሊኒክ የወሰደው ግን ቁስሉ አይደለም። አንድ ከሰዓት ሥራ ቦታዋ ሲደውልላት ያንን ሳቅ ሰማ፤ ከበስተጀርባው የወንድ ድምፅ። መዶሻውን አስቀመጠ። ቤት ሄዶ ጢሙን ተላጨ፣ ለሠርግ ብቻ የሚያወጣውን ሸሚዝ ለበሰ።

ሚስቱ በካርድ ክፍሉ መስኮት ቀና ብላ አየችው።

«የማን ሠርግ ነው?»

«ካርድ አውጪልኝ።»

ዕድሜውን ሁለቴ ሰርዛ ጻፈች።

ሐኪሙ እንደፈራው መልከ መልካም ነበር። ምላሱን በፋሻ ይዞ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አገላበጠ፣ ከሥሩ አየ፣ አንገቱን ዳበሰ።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«ከተውኩ ሁለት ዓመቴ።»

«ይህስ ምን ሆነው ነው?»

«የሥራ ነው። ሚስማር በአፌ እይዛለሁ።»

«በየትኛው በኩል?»

«በቀኝ።»

«ቁስሉ በግራ ነው።»

«ካዛወርኩ ወር ሆነኝ።»

ሐኪሙ መብራቱን ወደ ቁስሉ መለሰው። «ታዲያ ጋሼ፣ ወር ሙሉ ግራውን የወጋው ማነው?»

ሚስማሩ ለሰውየው ብዙ መልስ አዘጋጅቶ መጥቶ ነበር። ይህን ሲሰማ ግን አፉን መልሶ ከፈተለት።

ከቁስሉ ቅንጣት ተቆርጦ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ በአሥረኛው ቀን መጣ፤ ካንሰር ነው፣ ገና ጅምር። ወደ አንገቱ አልወረደም። ሆስፒታል ገብቶ ከምላሱ ጎን ትንሽ ቆረጡለት። ቢዘገይ ኖሮ የሚቆረጠው ብዙ ነበር፣ ያውም ከተረፈ። ለጥቂት ሳምንት ተኮላተፈ፤ ከዚያ ተስተካከለ።

«ዶክተሩ ባልሽ ዕድለኛ ነው አለኝ» አለችው ሚስቱ ሾርባውን ስታቀርብለት።

«በምኔ? በምላሴ ነው ባንቺ?»

ሳቀች። አፏን አልከለለችም። ያን ቀን ያሳቃት እሱ ነበር፤ ግን ወሬው የዶክተሩ ስለሆነ ደስታው ሙሉ አልሆነለትም።

ሚስማሩን አሁን ወገቡ ላይ ባንጠለጠላት ጣሳ ይይዛል። አናጢው በራሱ ጉንጭ ውስጥ ነጭ ነገር እንዳለ ሲነግረው እጁን ይዞ ክሊኒክ ወሰደው፤ በዚያውም የካርድ ክፍሉን ሁኔታ አየ። እሱ ራሱ በየሁለት ወሩ ለክትትል ይሄዳል። ሐኪሙን ዛሬም አይወደውም። ሳይላጭ ግን ሄዶ አያውቅም።