እናቴ እንዳትደነግጥ ብዬ

ባለፈው ወር ካምፓላ... መናኸሪያ ውስጥ ቆሜ ትከሻዬን ስዳብስ የቦርሳዬ ማንገቻ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ቆርጠውታል። ስልኬም ገንዘቤም አብረው ሄደዋል።

የሄድኩት ለቡና ስልጠና ነበር። ጓደኞቼ ሲመለሱ እኔ ሚዛን ከተማ ላለችው የቡና መፈልፈያ ማሽናችን መለዋወጫ ልፈልግ ብዬ ቀረሁ። ፓስፖርቴ ባረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሂሳብህን ሳትከፍል ሻንጣህ አይወጣም ብሎኛል። በረራዬ ከነገ ወዲያ ነው።

የዚያ ከተማ ሕዝብ ለጉድ ነው። ግን አንድ የማውቀው ፊት የለም። እዚህ ብወድቅ ስሜን የሚጠራ ሰው የለም ብዬ ሳስብ እንባዬ መጣ... አልዋሽም።

እየጠያየቅኩ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ደረስኩ። ባለቤቷ ዘነቡ ትባላለች። ጉዴን ሰምታ «አይዞህ ወንድሜ፣ ቤተሰብህ ብሩን አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ያስገቡ፣ እኔ እዚህ በሽልንግ እሰጥሃለሁ» አለችኝ።

በቃሌ የማውቀው የእናቴን ቁጥር ብቻ ነው። እናቴ ግፊት አለባት። ድምፄ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። እንዳትደነግጥ ብዬ ዘነቡን «እስቲ አንቺ አናግሪልኝ» አልኳት።

እሷም በጨዋ ደንብ ጀመረች።

«እንደምን ዋሉ እናቴ? ልጅዎ ደህና ነው፣ አያስቡ... ብቻ ትንሽ ችግር ገጥሞት ብር ያስፈልጋል። አጠገብዎ ትልቅ ሰው ካለ ያቅርቡልኝ።»

ጎረቤታችን ጋሽ ተካ ቀርበው የሂሳብ ቁጥሩን ተቀበሉ። ስንት ብር እንደሚበቃ ሳንነግራቸው መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግመን ብንደውል አልሠራ አለ።

በማግስቱ የምግብ ቤቷ ጥግ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ሰው ይገባል፣ ይበላል፣ ይስቃል፣ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ የዘነቡ እህት መልእክት ላከች። ዘነቡ ስታነበው ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምን ያህል ነበር የሚያስፈልግህ?»

«ለማረፊያና ለታክሲ የሚበቃ ነዋ።»

«ይሄ እኮ... ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።»

መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ሰው አገር ብዙ ዓመት ኖራለች፣ ብዙ መዋጮ አይታለች።

«ወንድሜ... ይሄ የአስከሬን ማስመጫ ነው።»

የትናንቱን ስልክ አስታወስኩ። ደህና ነው... ብቻ ትንሽ ችግር... ትልቅ ሰው ያቅርቡልኝ... እኛ አገር መርዶ የሚጀመረው እኮ ልክ እንደዚህ ነው!

ስልኳን ነጥቄ ደወልኩ። አሁን ሠራ። ጋሽ ተካ አነሱ። ከኋላቸው ለቅሶ ይሰማል፤ የቴፒዋ አክስቴ ስሜን እየጠራች ትጮኻለች።

«ጋሽ ተካ፣ እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«በረከት!»

«በኢየሱስ ስም!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

እንደገና ስደውል ያነሳችው እናቴ ነበረች። ድምፅዋ በለቅሶ ሰልሎ አልቋል።

«አንተ ከሆንክ... ለምን ራስህ አላናገርከኝም?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው እማዬ።»

ማልቀስ ጀመረች። እኔም በሰው አገር፣ በሰው ስልክ፣ ተመጋቢው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

ጋሽ ተካ ስልኩን ተቀበሏት። «ብሩ የእድር ነው፣ የተረፈህን ይዘህ ና። ድንኳኑን ግን በዓይናችን ሳናይህ አናፈርስም።»

የምራቸውን ነበር። ሚዛን ስደርስ በዝናብ ውስጥ ድንኳኔ ከነአግዳሚው ቆሞ ጠበቀኝ። እልል ተባለ፣ ተሳቀ፣ ካስማውን በገዛ እጄ ነቀልኩ። ከዚያ ሰው ወደየቤቱ ሄደ።

እናቴ ግን እስካሁን ጓዳ ሆና ስሜን ትጠራለች። «አቤት» ስላት «ምንም» ትለኛለች።

የራሱን የለቅሶ ድንኳን ነቅሎ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ይጻፍልኝ... በዚህ ነገር ብቻዬን ነኝ።