ውቢት የምታቆየው ፍም

ደባርቅ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለው ሰፈር፣ ማለዳ እሳት የጠፋበት ሰው የፍም መውሰጃ ገሉን ይዞ ወደ ውቢት ቤት ይሄድ ነበር። ክብሪት ከኅብረት ሱቅ በጠፋበት በዚያ ዘመን የእሷ ምድጃ በርዶ አያውቅም።

ውቢት ባሏ የሞተባት፣ ብቅል ሸጣ የምታድር ሴት ናት። ድረስ የሚባለው አንድ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የጎንደሩ አውቶቡስ የሚገባው ወደ ማታ ነውና፣ ልጁ የመጣ ዕለት ብርድ አቆራምዶት ቀዝቃዛ ቤት እንዳይገባ ብላ ነው እሳት ማቆየት የተማረችው። መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ትማግድ ነበር፤ ቦግ ይልና ከገበያ ሳትመለስ ያልቃል። በኋላ ክረምት አልፎበት የደረቀ የወይራ ጉማጅ መግዛት ጀመረች። ጉማጁን ከጉልቻው ኋላ አጋድማ ጫፉን ብቻ እሳት ታስይዘዋለች፤ ነበልባሉ ሲወርድ ፍሙን ሰብስባ በተነፋ ደረቅ አመድ ትዳፍነዋለች። አመዱ ከሳሳ ፍሙ ቶሎ ነዶ ያልቃል፤ ከበዛ ይታፈናል። ልኩን ያገኘችው በሁለተኛው ክረምት ነው።

«አንቺ፣ እሳት ነው ወይስ ሙሽራ እንዲህ የምትሸፋፍኚው?» ትላት ነበር ጎረቤቷ አረጋሽ።

«ሙሽራስ የምትሸፈነው አንድ ሰሞን ነው። ይልቅ ገልሽን አምጪ፣ ሰነፍ!»

በኅዳር አንድ ማለዳ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ በሩ ተንኳኳ። ቄስ ያርጋል ከፊት፣ አረጋሽና ሌሎች ጎረቤቶች ከኋላ ቆመዋል። ከግንባር ቆስሎ ትናንት የተመለሰው የሰፈሩ ልጅ ዋሴ የድረስን ሞት ለቄሱ ነግሯቸው፣ እንደ ወጉ በማለዳ ሊያረዷት መምጣታቸው ነው።

ውቢት ሳቀች። «አባ፣ እርስዎም ዛሬ እሳት ጠፋብዎ?»

ቄሱ «አዎ፣ ልጄ» አሉ።

ፍም ዝቃ በራሷ ገል ሰጠቻቸው። ገሉ እየጋለ ሄደ፤ እሳቸው ይዘውት እንደ ቆሙ ናቸው።

«ኧረ ያስቀምጡት አባ፣ ያቃጥልዎታል!» አለችና የሌሎቹን ገል ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ገል የያዘ አልነበረም። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች።

«መቼ?» አለች።

«በመስከረም» አሉ ቄሱ። «እዚያው ቀብረውታል።»

ሦስት ቀን ቤቱ በለቀስተኛ ተሞላ። እሳቱን ጎረቤት ያዘው። ያገኘውን ይማግድበታል፤ አንዴ ቦግ፣ አንዴ ድርግም ይላል። በሦስተኛው ቀን አረጋሽ እርጥብ ባሕር ዛፍ ጨምራ ቤቱ በጭስ ታጠነ። ውቢት ከተቀመጠችበት አጎዛ ቀና አለች።

«አረጋሽ፣ እርጥቡን አውጪው። የሰው ዓይን ታጠፊያለሽ።» ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቷል።

አረጋሽ አወጣችው። «ከወይራው አንዱን ላስገባ?»

«ሁሉንም አንድጂው። ማታ የሚመጣልኝ የለም» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።