«ሱን» የተባልንበት ዓርብ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈር የምንኖርበት ሕንጻ ሊፍት ፎቅና ፎቅ መሀል ላይ ቆሞ ዘጋብን። ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ የገበያ ከረጢታቸውን የያዝሁላቸው ጎረቤታችን ባልቴት፣ ላይኛው ፎቅ አንድ በሽተኛ ሽማግሌ የምታስታምም ኔፓላዊት። ደወሉን ደጋግሜ ብጫነው መልስ የለም። ስልኬን ቤት ትቼዋለሁ።

ኔፓላዊቷ ዕብራይስጥ አልለመደችም፤ ከሽማግሌው ልጅ ጋር የምትግባባው በእንግሊዝኛ ነው። ደወለችለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ሱን» አለች።

«ምን አለች?» አሉ ባልቴቷ።

«ሊፍት ጠጋኙ በቅርቡ ይመጣል ነው የምትለው፣ እማማ።»

«በቅርቡ ማለት መቼ ነው? ዛሬ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ሰንበት ሳይገባ?»

ትምህርት ቤት የነገሩን የእንግሊዝኛውን ቃል ትርጉም እንጂ ልኩን አይደለም። አየሩ ከብዶ ልብሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ባልቴቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔንም ዘመድ የሚያስመጣው ቢሮ በሄድሁ ቁጥር ‹ልጅሽ በቅርቡ ከጎንደር ትመጣለች› ይሉኛል። ስንለያይ ጡት ታጠባው የነበረው ልጇ ዛሬ ጢም አብቅሏል።»

ኔፓላዊቷ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ነገርኋት። እሷም አገሯ የቀረው ልጇ መቼ ትመጫለሽ ሲላት ሁልጊዜ «ሱን» እንደምትለው ነገረችኝ። ለባልቴቷ ተረጎምሁ።

ተቆጡ። «እንዲህ አትበይው በያት! ቀኑን ካላወቀች አላውቅም ትበለው።»

«አላውቅም ስለው ያለቅሳል» አለች ኔፓላዊቷ።

ይህንንም ተረጎምሁ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ባልቴቷ እጃቸውን ሰደው የኔፓላዊቷን ክንድ ያዙ።

«በይ ተያት» አሉኝ። «ትበለው።»

ጠጋኙ ሲደርስ የሰንበት መግቢያው ጡሩምባ ይነፋ ነበር። በሩን ፈልቅቆ ከላይ እጁን ዘረጋልን።

«እማማ ይቅደሙ» አልሁ።

«የለም፣ እሷ ትውጣ። ሽማግሌው ብቻውን ነው።»

እሷ ወጣች። ቀጥሎ ባልቴቷን ከታች ደግፌ ገፋኋቸው። ደረጃው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ጠጋኙ ክንዳቸውን ይዞ «ቆይኝ፣ ቤታቸው ላድርሳቸው» ብሎኝ ሄደ።

ብቻዬን ስቀር ሊፍቱ ይበልጥ የጠበበ መሰለኝ። ኮቴያቸው ደረጃው ላይ እየራቀ ሄደ። «ትመለሳለህ አይደል?» ብዬ ጮህሁ። አልሰማኝም። ግድግዳውን በሁለት እጄ ገፍቼ ቆምሁ፤ ተመልሶ ሲያወጣኝም ጣቶቼ አልታጠፍ ብለውኝ ነበር።