ያልወጣሁት ተረተር

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ልጄ ማርታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ፣ «አባዬ፣ ይህን የእጅ ጽሑፍ ታውቀዋለህ?» አለችኝ። ፎቶው በነጭ ወረቀት ላይ የተለጠፈ የደረቀ የአስታ ቅርንጫፍ ነበር፤ አስታ የደጋ ቁጥቋጦ ነው። ከሥሩ የጋዜጣ ፊደል በሚመስል ጽሑፍ፣ «ከምዕራብ ዓባያ በላይ፣ ተረተሩ ላይ» ይላል። የለቃሚው ስም የእኔ ነው።

ማርታ ዕፅዋት ታጠናለች። ድሮ የት የት ይበቅሉ እንደነበር የምታውቀው በየጊዜው ተጭነው ከደረቁ ቅጠሎች ነው፤ ዛሬ መኖራቸውን ደግሞ በእግሯ ሄዳ ታያለች። «ሁለት ጊዜ ወጣሁ፤ አንድ እግር አስታ የለም። ሙቀቱ ወደ ላይ አባሮታል ማለት ነው። የጽሑፌ ዋና ማስረጃ አንተ ነህ!» አለች። ፊቷ በራ። እኔም ቅርንጫፉን አስታወስሁት።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ጋሽ ከበደ የሚባሉ የዕፅዋት መምህር መንገድ መሪ አድርገው ቀጠሩኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ቅጠሉን የምንጫነው በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ስለነበር ፊደል የቆጠርሁት ከዚያው ጋዜጣ ላይ ነው። ቆይቶ የየቅጠሉን መለያ የምጽፈው እኔ ሆንሁ። ኩራቴ አይጣል ነበር።

አንድ ቀን ከጨንቻ በላይ፣ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት፣ አስታ ቆረጥን። በማግስቱ ምዕራብ ዓባያ ወረድን። ጋሽ ከበደ ሐይቁ ዳር ቀሩና እኔን ወደ ተረተሩ ላኩኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መንገድ ላይ ሙዝ የሚጭነውን ጓደኛዬን ዳንኤልን ማንጎ ጥላ ሥር አገኘሁት።

«አንተ ቅጠል ለቃሚ!» አለኝ የበሰለ ሙዝ እየላጠ። «በዚህ ፀሐይ ፍየል እንኳ አይወጣም፤ ቁጭ በል!»

ቁጭ አልሁ። ስነሣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከረጢቴ ውስጥ የትናንቱ ትርፍ አስታ ነበር። ጋዜጣ ውስጥ አስገባሁትና መለያውን ጻፍሁለት።

«ወጣህ?» አሉኝ ጋሽ ከበደ።

«ወጣሁ፣ ጋሼ።»

ቅርንጫፉን አገላብጠው አዩ። «አስታ፣ እዚህ ድረስ ወርዶ? ጎበዝ! ዓይን አለህ» ብለው ጨበጡኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ምስጋናው ጣፈጠኝና ዝም አልሁ።

በቤቴ የዋሸ ልጅ እራት አይበላም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አሁንም አልጸጸትበትም። እኛ ጋሞዎች ደግሞ ጎሜ የምንለው አለ፤ ሰው የደበቀው ጥፋት ልጁን ይይዛል፤ የሚለቀውም በአፍ ሲናገሩት ነው። ስለዚህ ሁሉንም ለማርታ ነገርኋት።

«ሁለት ጊዜ እኮ ነው የወጣሁት፣ አባዬ! ምዕራፉን እንዳለ ልሰርዘው ነው» አለች። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ፣ «ዛሬ እራት የለህም» አለችኝ። አልበላሁም።

ማክሰኞ ቅጠሎቹ ወደሚቀመጡበት ክፍል ወሰደችኝ። እዚያ የድሮ መለያ አይቀደድም፤ እርማቱ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ አጠገቡ ይለጠፋል፤ ያረመውም ይፈርምበታል። መነጽሬን አድርጌ፣ «ከጨንቻ በላይ የተቆረጠ ነው። ተረተሩ ላይ አልወጣሁም» ብዬ ጻፍሁ። ሙጫውን የቀባችው ማርታ ናት። ውሸቴም እውነቴም በአንድ እጅ ጽሑፍ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ ካለፍሁ በኋላም የሚያያቸው ሁለቱን አብሮ ያያል፤ እንዲያ መሆኑ ተገቢ ነው።

ስንወጣ፣ «ቅዳሜ ተረተሩን አብረን እንወጣለን» አለችኝ። «መለያውን ግን እኔ ነኝ የምጽፈው።»

ጉልበቴ ያመኛል። ቢሆንም እወጣለሁ።