ሽማግሌ የያዘው ቀጠሮ

ጎረቤቴን ጌጤን የጉና ሥር ሰው ሁሉ ያውቃታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሬ ተበድራ፣ አራሽ ለምና፣ ያለቻትን አንዲት የገብስ ማሳ ጦም ሳታሳድር ኖራለች። ያቺኑ ማሳ የባሏ ወንድም ይሻው «የአባቴ መሬት ናት» ብሎ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰሳት።

ክሱ እንደተከፈተ ዘመድ ገባበትና ነገሩ ወደ ሽምግልና ዞረ። እኛ አገር ሽማግሌ የያዘው ነገር ፍርድ ቤት አይሄድም። ሁለቱም ዋስ ጠርተው ተቀመጡ። ዋናው ሽማግሌ መሪጌታ አስናቀ የይሻው የክርስትና አባት ናቸው፤ «የፍርድ ቤቱን ቀጠሮ ተዉት፤ እኛ ይዘነዋል» አሉ። ጌጤ ቃላቸውን አምና ከቀጠሮው ቀረች። ይሻው ግን ሹልክ ብሎ ሄዶ ቀረበና እሷ በሌለችበት ማሳው ተፈረደለት። ያን ሰው ሳይ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ፍርዱ እንዲነሳላት ብታመለክት የወረዳው ዳኛ «ሽምግልና ከቀጠሮ ያስቀራል የሚል ሕግ የለም፤ ፍርዱን ለማንሳት ሥልጣን የለኝም» ብለው መለሷት። ይግባኝ ብላ ደብረ ታቦር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወጣች። ገብሱ እየደረሰ ነበር። ይግባኙ ውድቅ ከሆነ አጫጁ ይሻው ነው።

ፍርድ ቤቱ መሪጌታ ቀርበው እንዲያስረዱ አዘዘ። ይኼኔ ፈራሁ። ሽማግሌ በሽምግልና የተባለውን አደባባይ አያወጣም፤ ያውም በክርስትና ልጁ ላይ። በቀጠሮው ጠዋት ችሎቱ ሲሰየም መሪጌታ የሉም። ይሻው ጋቢውን እያስተካከለ ፈገግ ይላል። ጌጤ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም።

ስማቸው ዳግመኛ ሲጠራ ገቡ። አቀበቱ አድክሟቸው ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

«መሪጌታ፣ ወይዘሮ ጌጤ ከቀጠሮው እንዲቀሩ ነግረዋቸው ነበር?» አሉ ዳኛዋ።

መሪጌታ ይሻውን ዞር ብለው አዩት። «ለሁለቱም ነው የነገርሁ። እሷ አመነችኝ። እሱ ልጄ ነው፤ አታለለኝ።»

ይሻው አቀረቀረ። እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዳኛዋ ውሳኔውን አነበቡ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ በበቂ ምክንያት የቀረ ተከሳሽ ይሰማ ይላል፤ በቂው ምን እንደሆነ ግን አልዘረዘረም፣ እንዲመረምረው ለዳኛ ትቶታል። የወረዳው ዳኛ ሥልጣን አጥተው አይደለም፤ ባላቸው ሥልጣን ሳይሠሩበት ቀርተው ነው። ፍርዱ ተነስቷል፤ ክርክሩ በወረዳው ፍርድ ቤት፣ ጌጤ በተገኘችበት፣ እንደገና ይታይ፤ እስከዚያ ማሳውን ማንም አይነካባትም።

«ማሳው የእኔ ሆነ?» አለችኝ በጆሮዬ።

«ገና ነው። ቃልሽ ይሰማ ነው ያሉት።»

ደጅ ስንወጣ ይሻው ተከተላት። «ጌጤ፣ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ምን ያንከራትተናል? ሽማግሌ እንቀመጥ።»

መሪጌታ አጠገባችን ቆመው ይሰማሉ። ጌጤ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ እሱን።

«እንቀመጥ፤ ሽማግሌ እምቢ አልልም» አለችው። «የቀጠሮው ቀን ግን ወረዳ ፍርድ ቤት ታገኘኛለህ።»

የመሪጌታ ቃል አልበቃ ሲል ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እሳቸውም ገብቷቸዋል፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እሷ ቀረብ አሉ።

«ደግ ብለሻል» አሏት። «እኔም አብሬሽ እቀርባለሁ።»